ወተት ባለበት አገር ጭስ ምን ያደርጋል?

ብየዳ ቤቶቻችንን የሚተች እንጂ የሚያመሰግን ጠፍቷል። ዛሬ እናመስግን፤ በተለይ ገንዘባቸውን ከስክሰው ጭስ መምጠጫ ክንድ ያስተከሉትን። ከግድግዳ ወጥቶ እንደ ሰው ክርን የሚታጠፈውን፣ ጫፉ እንደ ጡሩንባ የሰፋውን ቱቦ ማለታችን ነው። የተሠራው በያጁ ጎትቶ ወደ ብልጭታው እንዲያስጠጋው ነው ይባላል። የኛ ሰው ግን ዕቃ ያከብራል። ክንዱ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ አንገቱን ወደ ጣሪያ አቅንቶ፣ አንዳንዴም የመጣበት ፕላስቲክ አፉ ላይ እንደታሰረ፣ በክብር ተቀምጧል። ሥራ ፈት እንዳይባል ጃኬት ይሰቀልበታል፤ በጃኬቱ ላይ ማስክ፣ በማስኩ ላይ የተጠቀለለ ገመድ። ሸክሙ ሲበዛ መገጣጠሚያው ይላላል። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው ተሳስቶ ወደ ሥራው ቢጎትተው እንኳ ባቆሙት ቦታ አይቆምም፤ ቀስ እያለ ይወርድና ላሜራው ላይ ይተኛል። “ይሄ ዕቃ አይሠራም” ለማለት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? መገጣጠሚያው ላይ ያለችውን ብሎን ግማሽ ዙር ማጥበቅ ማስረጃውን ያጠፋዋልና ማንም አይነካትም።

ከሁሉ የሚደነቀው በርቀት ላይ ያለን እምነት ነው። ሻማን ከአንድ ክንድ ርቀት እፍ ብሎ ማጥፋት ቀላል ነው፤ ከዚያው ርቀት አየር ወደ ውስጥ ስቦ ለማጥፋት የሞከረ ግን ሻማው በራሱ ጊዜ አልቆ ይጨልምበታል። የሚነፋ አየር ተሰብስቦ ይሄዳል፤ የሚመጠጥ አየር ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ከአፉ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ጉልበቱ ይሟሽሻል። የብየዳ ጭስ እንዲያዝ ብልጭታው ዘንድ አየሩ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ያህል መሄድ አለበት። የአፉ ስፋት 30 ሴንቲሜትር የሆነ ክንድ 15 ሴንቲሜትር ላይ ቢቀመጥ ለዚህ በሰዓት 530 ሜትር ኩብ አየር ይበቃዋል። 30 ሴንቲሜትር ቢርቅ 1,750 ይፈልጋል። አንድ ሜትር ቢርቅ ከ18,000 በላይ። የተለመደው ክንድ የሚስበው 1,000 ገደማ ነው። ወገኖቻችን ይህን ስሌት ንቀው፣ ክንዱን ሁለት ሜትር ላይ ሰቅለው፣ “ማራገቢያው ይጮኻል አይደል?” ይላሉ። መጮኹን ይጮኻል።

ሲያስጠጉት ደግሞ ከበያጁ አናት በላይ ነው የሚያስጠጉት። በያጁ ጎንበስ ብሎ ቱቦላሬ ይበይዳል፤ ትኩሱ ጭስ ሽቅብ ይወጣል፣ በማስኩ ሥር ገብቶ ፊቱን ይሳለማል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ክንዱ የሚያልፈው። ሳንባ ያጣራውን ጭስ መምጠጥ ለክንዱ ማጣሪያ ዕድሜ እጅግ ጥሩ ነው። አፉን ከጎን ወይም ከብየዳው ማዶ፣ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለው ቢያኖሩት ጭሱ ፊት ሳይነካ ይሄድ ነበር። ነገር ግን የሁለት ሜትር የግቢ በር ሲበየድ በየ30 ሴንቲሜትሩ ተነስቶ ክንዱን ማስጠጋት ሊኖር ነው። ለዚህ ጊዜ ማን አለው? ስልክ ለማንሳት አምስቴ መነሳት እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሰበብ ሲጠፋ “ጋዙን ይወስድብናል” የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ በሚግና በቲግ ብየዳ (ብልጭታው ላይ መከላከያ ጋዝ እየተነፋ በሚበየድባቸው) አፉ ከመጠን በላይ ከተጠጋ መከላከያ ጋዙን ይነጥቅና ብየዳው ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ትንሽ ራቅ ማድረግ ይበቃል። የሚገርመው፣ ይህን የሚለው ዕድሜ ልኩን በኤሌክትሮድ ሲበይድ የኖረ፣ የጋዝ ሲሊንደር ግቢው ገብቶ የማያውቅ ሰው መሆኑ ነው።

ማራገቢያውን ካነሳን ዘንድ፣ ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ነው። (ፌዙ የመብራቱ ነው፤ የኛን አልቆጠርንም።) መስመር ሲጠገን ሁለቱ ፌዝ ቦታ ከተለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ሴንትሪፉጋል ማራገቢያ (አየሩን በመሃሉ ስቦ በጎኑ የሚተፋው) ደግሞ ወደ ኋላ ዞሮም የሚስበው በዚያው አቅጣጫ ነው፤ ጉልበቱ ብቻ ክፉኛ ይወርዳል። ድምፁ አለ፣ አፉ ላይ እጅ ሲዘረጉ ቀዝቀዝ ይላል፣ ጭሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሽፋኑ ላይ ያለውን ቀስት አይቶ፣ ኃይል አቋርጦ ሁለት ሽቦ ማቀያየር ለኤሌክትሪሻን ሥራም አይባል። እኛ ግን ዓመት ሙሉ “የቻይና ዕቃ!” ስንል እንከርማለን። ማጣሪያው ከተገጠመ ወዲህ አለመከፈቱን መናገር አያስፈልግም።

ግን ይህ ሁሉ ምን ያስጨንቃል? ጭሱን ያጥባል የሚባለው ወተት አለ። ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ የዚንክ ነው። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ብረት ለመቅለጥ 1,500 ገደማ ይፈልጋል፤ እናም ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ተንኗል። ብየዳው በሚያልፍበት ግራና ቀኝ 5 ሴንቲሜትር ያህል ሽፋኑን አስቀድሞ መፋቅ ነበር፤ ማን ይፍቅ! ቀን የበየደው ሰው ከ4 እስከ 10 ሰዓታት ቆይቶ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉን ብረት ብረት ይለዋል። ቤተሰብ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ያሻል፣ ጓደኛ ግማሽ ሊትር ወተት ይዞ ይደርሳል። በሁለት ቀን ይድናል። ያለ ወተቱም በሁለት ቀን ይድን ነበር፤ ግን ላሟን ምስጋና መንፈግ ነውር ነው። ወተቱ ጨጓራ ገብቷል፣ ጭሱ ሳንባ ውስጥ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ሳይተዋወቁ ተለያይተዋል። ሰውነት በሳምንቱ ውስጥ ዚንኩን ይለምደውና ከእሁድ ዕረፍት በኋላ ሰኞ ትኩሳቱ በያጁን እንደገና ይጥለዋል። ለዚህም “ሰኞ አይቀናኝም” የሚል መልስ አለን። የስቴንለሱ ክሮሚየምና ማንጋኒዝ እንዲህ አይቸኩሉም፤ ታጋሾች ናቸው፣ ዓመታት ይጠብቃሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን ሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ በተረጋገጠው ምድብ 1 ውስጥ ሲያስገባው ወተትን አላማከረም።

ላቦራቶሪዎችም ተማርን ብለው አይኩሩብን። እዚያ ክንዱ ቀጭን ነው፣ 75 ወይም 100 ሚሊሜትር፤ ለትንሽ ጭስ የተሠራ። አንዳንዱ ጎበዝ ግን ናይትሪክ አሲድ ጠረጴዛ ላይ ያሞቅና ክንዱን አጠገቡ ዘበኛ ያቆመዋል። ለዚሁ የተሠራው ባለ መስታወት የጭስ መሳቢያ ሳጥን (ፊዩም ሁድ) ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ባዶ ጠርሙስ ታጭቆበታል።

ተቆጣጣሪ የሚመጣ ቀን ሁሉም ይሠራል። ጃኬቱ ይነሳል፣ ፕላስቲኩ ይፈታል፣ ክንዱ ይወርዳል፣ ብየዳው ይቆማል፤ እንግዳ ፊት ማጨስ ነውር ነዋ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያዛል። በዚሁ መሠረት ክንዱ ተሰቅሏል።

መሳቡን የሚጠራጠር ካለ መሣሪያ መግዛት አያስፈልገውም። ቲነርና ቀለሙን ከአካባቢው አርቆ፣ ከሰል ላይ ዕጣን ጣል አድርጎ ብልጭታው በሚሆንበት ቦታ ያስቀምጥ። ጭሱ ታጥፎ ወደ አፉ ከገባ ክንዱ ይሠራል፤ እየዋለለ ሽቅብ ከወጣ አይሠራም። ባይሠራም ኪሳራ የለውም፤ ዕጣኑ ከጨሰ ቡናው ይቅረብ።