«ኮንፌክሽነሪ» ብላችሁ የምትሸጡልን ምኑን ነው?

ኧረ ይሄ «ኮንፌክሽነሪ» የሚሉት ነገር አንገሸገሸኝ! በር ላይ ተለጥፎ አይቼ እገባለሁ፤ አንዱ ጋ ኬክ፣ አንዱ ጋ ቸኮሌት፣ ሌላው ጋ ማስቲካና ብስኩት ብቻ። ፓኬቱን ሳገላብጥም ያው ቃል። ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቅ መልሱ «ጣፋጭ ነዋ!» ነው። መጣፈጡንማ ምላሴም አላጣውም።

ቃሉ እኮ ሥር አለው። የመጣው ከላቲኑ «ኮንፊኬሬ» ነው፤ አዋህዶ መሥራት፣ ማሰናዳት ማለት። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ፣ ስኳር ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ መድኃኒት ቀማሚው ቅጠሉን፣ ሥሩንና ቅመሙን በማር ወይም በስኳር ለውሶ ሲያዘጋጅ ነበር «ኮንፌክሲዮ» የሚባለው። በስኳር የተለበጠ ፍሬ ከማዕድ በኋላ ሆድ እንዲያረጋጋ ይበላ ነበር። ጣሊያኖች በስኳር የተለበጠ ለውዝ እስከ ዛሬ «ኮንፌቲ» ይሉታል፤ ሠርግ ላይ የሚበተነው ባለቀለም ወረቀትም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው።

እንግዲህ ቃሉ ከጣዕሙ ይልቅ የሚያነሳው የሠሪውን እጅ ነው። ሙያውም ዋዛ አይደለም። የሚፈላ ስኳር ከ112 እስከ 116 ዲግሪ ላይ ከእሳት ቢወርድ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ 150 ገደማ ሲደርስ ቀጭ የሚል ደረቅ ከረሜላ ይወጣዋል፤ ከዚያ በላይ ዘንግተው ከተዉት አርሮ ይመራል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነበር ስሙን የተሸከመው!

አሁንስ? ሰሞኑን የሚለጠጥ ከረሜላ ገዛሁ። ከፊት ትልቅ የእንጆሪ ሥዕል። ከጀርባ ደግሞ የጉንዳን እግር የሚያህል ፊደል፣ ያውም ማሸጊያው የታጠፈበት ላይ፦ ስኳር፣ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ጀላቲን፣ ቀለም፣ ማጣፈጫ። እንጆሪ የሚባል የለም! ጀላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው፤ ከከብት ሊሆን ይችላል፣ ከአሳማም፣ ከዓሣም። የትኛው ነው ብዬ ሻጩን ብጠይቀው «ምንም የለውም፣ ሕፃናት ሁሉ ይበሉታል» አለኝ። ታዲያ ሥጋ የማይበላው፣ አሳማ የማይነካው፣ ሰውነቱ የማይቀበለው ነገር ያለበት ሰው ምን ይዞ ይወስን? መጠየቅስ ነውር ነው እንዴ?

ሻጮች፣ የምትሸጡትን እወቁት። አምራቾች፣ ጀላቲኑ የምን እንስሳ እንደሆነ የእንጆሪውን ሥዕል ባሳመራችሁበት ፊት ላይ፣ በሚነበብ ፊደል ጻፉልን።