ግልጽ ደብዳቤ ለሎሬቱ አረፋ

ይድረስ ለክቡር ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት፤ ባሉበት፣ ማለትም ጭንቅላቴ ላይ።

የሻምፑው አረፋ አውጪ ኬሚካል እርስዎ ነዎት፤ ስምዎንም ያነበብኩት ከጠርሙሱ ጀርባ ነው። በእኛ ሀገር ሎሬትነት የባለቅኔና የሠዓሊ ማዕረግ ነበር፤ እርስዎ ጋ እንዴት እንደደረሰ አልገባኝም። ለነገሩ ሳሙና የሚበጠብጡት የሰፈራችን ልጆች ማዕረግ አያውቁም፤ «ቴክሳፖን» ነው የሚሉዎት።

ይህን የምጽፈው አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሰፋው ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ላይ ቁጭ ብዬ፣ የአረፋ ባርኔጣ ከደፉልኝ በኋላ ቧንቧው ቀጥ አለ። አንድ ጆግ ውሃ ተርፋኝ ነበር፤ አፈሰስኳት። እርስዎ ግን ባሰብዎት እንጂ አልቀነሱም። እናቴ ከበር ውጭ ሆና «ሐይቁ እዚያው ነው፣ ሂድና ተነከር!» ትላለች።

ሙያዎን አልክድም። አንዱ ጫፍዎ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ዘይት። ሁለት ቤት የሚበላ ሰው ባልወድም፣ የዓሣ ጥብሱን ዘይት ከትሪው ላይ ከበው ከውሃው ጋር ይዘውልን ሲሄዱ ተመስገን እላለሁ። አረፋው ግን ለምን? እሱ እኮ እርስዎ ያሰሩት አየር ነው፤ እድፍ የሚያስለቅቀው እሱ አይደለም። አረፋ ካላየን አልጠራም እንደምንል ስለሚያውቁ ነው።

ባለፈው ደግሞ ልጆቹ ሲበጠብጡ ቆሜ አየሁ። በርሜሉ ውስጥ እንደ ውሃ ቀጥነዋል። አንዱ ጨው በውሃ አሟሟና ቀስ እያለ ጨመረ። ወዲያው ወፈሩ፤ ማር መሰሉ። ገዢዋ ሃይላንዱን ዘቅዝቃ አየችና «ይሄስ ወፍራም ነው፣ ይበረክታል» ብላ ከፈለች። ያወፈረዎት ጨው እንደሆነ ማን ይንገራት? ጨው ከልክ ሲያልፍ ደግሞ መልሰው ይቀጥናሉ። ያን ጊዜ የልጁን ፊት ማየት ነው!

ጣናን የወረረውን የእንቦጭ አረም በእርስዎ አላመካኝም። እሱን የሚያፋፋው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ እርስዎ ውስጥ ሁለቱም የሉም። በእንዶድ ዘመን እንዲህ ያለ ጣጣ የት ነበር ልልም አስቤ ነበር። እንዶድም አረፋ እንዳለው ትዝ አለኝና ተውኩት።

ይቅርታ፣ ቧንቧው ማንኮራፋት ጀመረ። ልሩጥ።

ጭንቅላቱ በአደራ እርስዎ ዘንድ ያለ፣
ከባሕር ዳር