«ለቋሚ ሴር፣ ለጊዜያዊ ኤስታር» ያላችሁኝ ሰዎች፣ ውጡ!

አሁን ከሥራ መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ይህን ሳልጽፍ ብተኛ ሌሊቱን ሙሉ ስጣላ ነው የማድረው።

ስፓኒሽ ለእኛ አንድ «ነው» ሁለት ግስ አለው፣ ሴርና ኤስታር። «ሴር ለቋሚ ነገር፣ ኤስታር ለጊዜያዊ» ብሎ ያስተማረኝ ሁሉ ዛሬ ትን ሲለው ይደር።

ጉንፋኑ እንዴት እንደጣለኝ ታውቃላችሁ። ዛሬ ተሽሎኝ ገባሁ። ኩሽናው በር ላይ ሼፉ «እንዴት ነሽ፣ ተሻለሽ?» አለኝ። እኔም ደንቡን በልቤ አሰላሁ። ሕመም ጊዜያዊ ነው። ጤናም ያው ጊዜያዊ ነው። ስለዚህ ኤስታር። ጥሩ ደግሞ ቡዌና። ቀና ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ያ ኤስቶይ ቡዌና!» አልኩ።

ጸጥ አለ ኩሽናው።

ከዚያ ሰሃን አጣቢው በሳቅ ፈነዳ። ሥጋ የሚቆርጠው ኮሎምቢያዊ ቢላውን አስቀመጠ፣ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ኤሶ ያ ሎ ቤሞስ» አለ። እሱንማ እያየን ነው ማለቱ ነው። ለካ ድኛለሁ ያልኩ መስሎኝ «ይኸው የማስጎመጅ ሆኛለሁ» ብዬ ለወንዶች ሁሉ አውጄላቸዋለሁ! «ቢየን» ነው የሚባለው። ቡዌና ሳይሆን ቢየን። ሼፉ እንባውን እየጠረገ ያስረዳኛል፦ «ደግ ነሽ፣ ስለዚህ በሴር ኤሬስ ቡዌና። ጤነኛ ነሽ፣ ስለዚህ በኤስታር ኤስታስ ቢየን። ኤስታስ ቡዌናን ግን ለእኛ ተዪልን።» ለእኛ ተዪልን! ከዚያ በኋላ ሳህን ባነሳሁ ቁጥር «ቡዌና!» እያሉ ሙድ ሲይዙብኝ ዋሉ።

በጣም ያጨሰኝ ምን መሰላችሁ? ትንሽ ቆይቶ ያው ሼፍ ሾርባውን ቀመሰና «ኤስታ ቡዌና» አለ። አንድም ሰው አልሳቀም። ለሾርባ ሲሆን ጣፈጠ ማለት ነው። እኔ ስለው የመንደር መሳቂያ ነኝ።

ቆይ እስቲ፣ ይሄ ቋሚና ጊዜያዊ የሚባለውን ነገር እንየው። የሞተ ሰው «ኤስታ ሙዌርቶ» ነው የሚባለው። በኤስታር! ከሞት የበለጠ ቋሚ ነገር ምን ሊያመጡ ነው? ያገባም «ኤስታ ካሳዶ» ነው፣ በኤስታር። ይሄኛውን እንኳ አንዳንድ የማውቃቸውን ትዳሮች ሳይ እቀበለዋለሁ። ማድሪድ ስፔን ውስጥ ናት ለማለትም ኤስታር ነው። የት ልትሄድ ነው ከተማዋ? በአንጻሩ ለአንድ ማታ የሚቆይ ግብዣ የት ነው ስትሉ «ዶንዴ ኤስ ላ ፊዬስታ» ነው፣ በሴር። ተማሪ ነኝ ለማለትም ሴር። ዕድሜ ልኬን ተማሪ ልሆን? (በዚህ አያያዜ አይቀርልኝም።) መምህራችን ደግሞ ኤስታር የመጣው ከላቲን ነው፣ ትርጉሙም መቆም ነው ብላ ነገሩን ያቀለለችልን መሰላት። እና ሟቹ ምን ብሎ ቆመ?

ሁለቱም «ለ» የሆኑትን ፖርና ፓራን ጭራሽ አታንሱብኝ። እኛ «ለ» አለችን። አንዲት ፊደል፣ ሁሉን ችላ የምትኖር። ባለፈው አንዲት ደንበኛ «ለምንድነው ይህን ያህል ሰዓት የምትሠሪው?» አለችኝ። «ትራባኾ ፓራ ሚስ ኤርማኖስ» አልኳት። ለወንድሞቼ ነው የምሠራው። ሐቅ ነው፣ በየወሩ ምን እንደምልክ ታውቃላችሁ። ሴትዮዋ ዓይኗ በራ። «ጎበዞች! ምን ዓይነት ድርጅት ነው ያላቸው?» ድርጅት! ብር አለቀብን ከማለት ሌላ ሥራ የሌላቸው ልጆች ቀጣሪዎቼ ሆነው አረፉት። ስለ እነሱ ብዬ ለማለት ፖር ነበር መባል ያለበት። ግን ሳስበው ሴትዮዋ ያን ያህልም አልተሳሳተችም።

«መጣሁ» የሚለውን ደግሞ ስሙ። ሼፉ ከወዲያ ሲጠራኝ «ቤንጎ!» እላለሁ። «ከየት?» ይለኛል። የሚባለው «ቦይ» ነዋ! ሄድኩ! እናቱ ስትጠራው «ሄድኩ» ብሎ የሚመልስ ልጅ እኛ ሰፈር ምን እንደሚደርስበት ለሼፉ ማን ይንገረው።

ጥያቄ ስትጠይቅ ፕሬጉንታር፣ ዕረፍት ስትጠይቅ ፔዲር። ሰው ስታውቅ ኮኖሴር፣ ዋና ስታውቅ ሳቤር። በአማርኛ መጠየቅም ማወቅም አንድ አንድ ናቸው፣ ማንም ሰው ተደናግሮ መንገድ ላይ ሲወድቅ አላየሁም። በዚያ የማድሪድ የሐምሌ እሳት «ሞቀኝ» ብዬ ልናገር ስል የወጣኝን ግን እዚህ አልጽፈውም። እናቴ ፌስቡክ ላይ ናት።

ስፔኖች በፈረንጆቹ 1713 ላይ የተቋቋመ የቋንቋ አካዳሚ አላቸው። መፈክሩ «ያጸዳል፣ ያጸናል፣ ያደምቃል» ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲያጸዱ ኖረው አንዱን «ነው» አላስወገዱም?

ይሄ ሁሉ መቃጠል ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለስፔን ዜግነት። እኔን የመሰለ ሰው 10 ዓመት በሕግ መኖር አለበት። ከዚያ የኤ2፣ ማለትም ከጀማሪ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ፣ የቋንቋ ፈተና። ከዚያ ስለ ሕገ መንግሥቱና ስለ አገሩ 25 ጥያቄ፣ ቢያንስ 15ቱን መመለስ ግዴታ ነው። ያ ቢላውን አስቀምጦ የሳቀብኝ ኮሎምቢያዊስ? 2 ዓመት ይበቃዋል፣ የቋንቋ ፈተናው አይመለከተውም። እናቱ በነጻ አስተምራዋለቻ። አልቀናሁም። እሺ፣ ቀንቻለሁ።

ደግሞ ንጉሡ ስንት ዓመት ነገሠ፣ ምክር ቤቱ ስንት ቤት አለው ብትሉኝ እመልሳለሁ። ደህና ነኝ ማለት ነው ያቃተኝ።

ነገ ክፍል ውስጥ ሱብኹንቲቮ እንጀምራለን ብላለች መምህሯ። ለሚመኙት፣ ለሚጠራጠሩት፣ ለሚፈሩት ነገር ግሱ ሌላ መልክ ይይዛል አሉ። ይሄን እንኳ ቶሎ ሳልይዘው አልቀርም፣ ከእነዚህ ሦስቱ ሌላ የማደርገው የለም። እስከዚያው ኩሽና ውስጥ ሰው ሰላም ሲለኝ አውራ ጣቴን አሳያለሁ፣ አለቀ። ኮሜንት ላይ «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለኝ ደግሞ ብሎክ ነው። እንቁላሉ ስፓኒሽ አልተማረም።