ማተሚያው ኮምቦልቻ፣ ሕዋሱ ደሴ አይሁን

ሕያው ሕዋስ ከጄል ጋር አዋሕዶ በማተም ሕብረ ሕዋስ የማሳደግ ሥራ በወሎ ይጀመር ቢባል የመጀመሪያው ሐሳብ ከወዲሁ ይገመታል፤ ማሽኑ መሐንዲሶቹ ባሉበት ኮምቦልቻ፣ ሕዋሱ የጤና ባለሙያዎቹ ባሉበት ደሴ። ሁለቱም የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ናቸው፣ መንገዱም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ምን ችግር አለው ይባላል። ችግሩ በመካከል ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ሐረጎ ነው። ጄል ውስጥ ገብቶ ሲሪንጅ ውስጥ የሚጠብቅ ሕዋስ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ወደ ታችም ይዘቅጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢታተም ይመረጣል እንጂ ጠመዝማዛውን በመኪና እየተናጠ የሚወርድ ዕቃ አይደለም። ማተሚያው ወደ ደሴ ይውጣ።

ማሽኑ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ፕላስቲክ የሚያትም ተራ የስሪዲ ማተሚያ፣ የሚያቀልጠው ክፍል ተነሥቶ በሞተር የሚገፋ ሲሪንጅ ቢተካለት ለጀማሪ ይበቃል። ያንን መግጠሚያ የኮምቦልቻ ወርክሾፕ ይሥራው። ላብ የሚያስወጣው ጄሉ ነው።

አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አልጌ የሚወጣ ዱቄት ነው። ውኃ ውስጥ ሲሟሟ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፣ ካልሲየም ሲያገኘው በሰከንዶች ይረጋል። ለ100 ሚሊ ሊትር 3 ግራም በቂ ነው፤ ነገር ግን እያማሰሉ በጥቂት በጥቂቱ ካልነሰነሱት እንደ ገንፎ ጓል ይሆናል። ሌሊቱን ይደር፣ ከዚያ በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን (ሴንትሪፊዩጅ) አረፋው ይውጣ፤ አንዲት አረፋ መርፌው ጫፍ ላይ ስትደርስ መስመሩ ይበጠሳል። ብቻውን ከታተመ ቅርጹን ሳይይዝ ስለሚዘረጋ 5 ግራም ጄላቲን ይታከልበታል። ሕዋስ ሲጨመር ድብልቁ እንደሚቀጥን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። 9 እጅ ጄል ላይ 1 እጅ ሕዋስ የሚገባ ከሆነ ጄሉ አስቀድሞ በዚያው ልክ ይወፍር።

መርፌው 22 ጌጅ ይሁን፤ የውስጥ ስፋቱ 0.41 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ የቀጠነው 27 ጌጅ መስመሩን ያሳምረዋል፣ ግን የሚጠይቀው ግፊት ሕዋሱን ይቀዳድዳል። የታተመው በ100 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ለ5 ደቂቃ ይነከር። ባለሁለት ውኃ (ዳይሃይድሬት) ጨው ከሆነ ይህ በሊትር 14.7 ግራም ነው። ከዚያ በተለመደው የሕዋስ ማጠቢያ፣ በፎስፌት በፈር፣ ማጠብ ክልክል ነው፤ ፎስፌቱ ካልሲየሙን ይነጥቃል፣ ነጭ ዝቃጭ ይታያል፣ ጄሉም ይላላል።

ቦታውን የሚመለከተው ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቷም 75 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። የውጭ መመሪያ አምኖ አውቶክሌቩን (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነውን ማሽን) 1 ባር ላይ የሚያቆም ሰው 121 ዲግሪ አገኘሁ ይላል እንጂ ያገኘው ወደ 116 ነው፤ የግፊት መለኪያው ጠቋሚ 1.3 ባር መድረስ አለበት። ሕዋሱ የሚያድግበት ሙቅ ሣጥን፣ ኢንኩቤተሩም እንዲሁ። 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ለባሕር ወለል ነው። ደሴ ላይ 6.7 ካልተደረገ የሕዋሱ ምግብ አልካላይን ይሆናል፣ ቀለሙም ወደ ሐምራዊ ይዞራል። (አልጂኔቱ ራሱ አውቶክሌቭ ውስጥ አይግባ፤ ሰንሰለቱ ይቆራረጥና ይቀጥናል። በ1 በመቶ አቅጥኖ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ማሳለፍና በቅዝቃዜ ማድረቅ ይሻላል።) ጄላቲኑ ደግሞ በደሴ ብርድ ሲሪንጁ ውስጥ ይጠጥራል፣ በኮምቦልቻ ሙቀት ይፈሳል። ኮምቦልቻ የተስተካከለ ቅመራ ደሴ አይሠራም ማለት ነው። ለሲሪንጁ 25 ዲግሪ ገደማ የሚይዝ ማሞቂያ ልብስ ያስፈልጋል፣ ለኢንኩቤተሩም መብራት ሲጠፋ የሚረከብ ባትሪ ከማተሚያው በፊት ይገዛ።

በምን ይጀመር? ኩላሊትና ልብ ይቆዩ። ከምግቡ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ የራቀ ሕዋስ በረሃብ ይሞታል፣ ስለዚህ ደም ሥር የሌለው ወፍራም ሥጋ ማተም ከንቱ ድካም ነው። ልም አጥንት (መጋጠሚያን የሚሸፍነው ለስላሳው) ግን በተፈጥሮውም ደም ሥር የለውም። ብዙው ሕዋስ የሚጨብጠው ስለሚያጣ አልጂኔት ውስጥ ይቸገራል፤ የልም አጥንት ሕዋስ ግን እዚያ ውስጥ ክብ ሆኖ መቆየቱን ይወደዋል። ምንጩም ሩቅ አይደለም። ጠዋት ከታረደ በግ፣ መጋጠሚያው ሳይከፈት የተወሰደ ጉልበት፣ በበረዶ ተይዞ በዚያው ቀን ደሴ ላይ ይደርሳል።