ለአንዲት ቀለበት ሙሉ ማሽን

የእናቴ አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ባለፈው ክረምት ይንገጫገጭ ጀመር። ከፍተን ስናየው ዘንጉ የሚሽከረከርባት የነሐስ ቀለበት በአንድ ጎኗ ተበልታ እንቁላል መስላለች። መካኒኮች ቡሽ የሚሏት ናት፤ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አትበልጥም። አንድ መለዋወጫ ሱቅ ይዤያት ብሄድ ሻጩ ገልበጥ አድርጎ አያትና «ይቺ ለብቻዋ አትመጣም፤ ሙሉ ጭንቅላቱን ነው የምትገዛው» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ቀለበቷን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ፒያሳ ያለው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ባይፈርስ ኖሮ ሱቅ ድረስም ባልሄድኩ። «ጋሼ ቶርኖ» የምንላቸው ጎረቤት ነበሩን። ሰርቪስ ቤታቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረች የምትልጥ ማሽን፣ ተክለው የሰፈሩን የተሰበረና የተበላ ነገር ሁሉ ይሠሩ ነበር፦ የበር ማጠፊያ ፒን፣ የሥጋ መፍጫ እጀታ፣ ጥርሱ ያለቀ ብሎን። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሣ እሳቸው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ቶርኖዋ ግን ደረጃ አትወጣም። አሁን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በአንድ ወዳጃቸው ጋራዥ ጥግ፣ ሸራ ለብሳ ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በታክሲ መጥተው ይገልጧታል።

እዚያ አገኘኋቸው። መጀመሪያ የለኩት ቀለበቷን አልነበረም፣ ዘንጉን ነው፤ «የተበላውን ብትለካ የተበላ ትሠራለህ» አሉኝ። ከምናለሽ ተራ ከገዙት ቁርጥራጭ መካከል አንድ የነሐስ ዱላ መርጠው ቶርኖው ላይ አሰሩ። ቢላዋው ብረቱን መቼ እንደሚነካ ለማወቅ የሲጋራ ወረቀት በምራቅ አርሰው ነሐሱ ላይ ለጠፉና፣ ወረቀቷ ተገፍፋ ስትሄድ «ደረስን» አሉ። ውስጡን ሰርስረው የመጨረሻዋን ሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር እየላጩ፣ እየለኩ፣ እየላጩ ጨረሱ። በዘንጉና በቀለበቷ መካከል የተዉት ክፍተት ሁለት ወይም ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ሲሶ ቢሆን ነው። ዘይት ቀብተው ሲያስገቧት ያለ ግፊት ገባች፣ ግን አልተወዛወዘችም። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም።

ይህን የምጽፈው ለትዝታ ብዬ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ዓመት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና፣ ፓምፕና ወፍጮ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ነው። ታዲያ ሙሉ ዕቃ ከውጭ ማስመጣት በከበደበት ጊዜ ቁራጯን እዚሁ የሚሠራውን ሰው ከመሀል ከተማ ማራቅ ምን ይሉታል?

ቶርኖ ይጮኻል የሚሉ አሉ። የሚጮኸው ግራይንደር ነው፤ ትንሽ ቶርኖ ነሐስ ሲልጥ ከጁስ ቤት መፍጫ አይብስም። የመንግሥት የማምረቻ ሼድ አለላቸው የሚለውም መልስ ለጋሼ ቶርኖ አይሆንም፤ ሼድ በማኅበር ለተደራጁ ነው፣ በሰባ ዓመታቸው ከማን ጋር ይደራጁ? ደግሞም ደንበኛቸው በእግሩ የሚመጣ ነው፤ አንዲት ፒን ለማሠራት ከተማ ዳር ድረስ የሚጓዝ የለም።

ሁሉም ነገር በቤት ይሠራ አልልም። የመሪና የፍሬን ዕቃ ምንነቱ ካልታወቀ ቁርጥራጭ ብረት ተልጦ መኪና ላይ ሲገጠም አይቼ አውቃለሁ፤ ወንጀል ነው ባይ ነኝ። ጋሼ ቶርኖም እንዲህ ያለውን ሥራ ይመልሳሉ። የብረቱን ዓይነት በግራይንደር ብልጭታ መገመት ይቻላል፣ ግን በግምት ፍሬን አይሠራም። ቁጥጥር ይኑር ከተባለ እዚህ ላይ ይኑር።

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሱቆች በጨረታ ይሸጣሉ፤ በጨረታ ደግሞ ቶርኖ ቤት ቡቲክን አያሸንፍም። በየሳይቱ አንድ ሁለት ክፍል ከጨረታው ውጭ ተይዞ፣ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ስሪ ፌዝ መብራት ገብቶለት፣ ሙያው ላላቸው በኪራይ ይሰጥ። ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ የሚሉትን ቃላት ከጣሊያን ወስደን የራሳችን አድርገናል፤ ለሙያው አንድ ክፍል መስጠት ከዚያ የሚከብድ አይመስለኝም።

የእናቴ የስፌት መኪና አሁን ድምፁ አይሰማም። ሂሳቡን ከፍዬ ልወጣ ስል ጋሼ ቶርኖ ሸራውን እየመለሱ «ምድር ቤት የሚከራይ ክፍል ከሰማህ ደውልልኝ» አሉኝ። «መስኮት ባይኖረውም ግድ የለም።»