መንገደኛን የሚቀበል መንገድ

የቤተሰባችን የረጅም ዘመን ወዳጆች ልጃቸውን ሜሪላንድ ውስጥ ሲድሩ፣ ከምኖርበት ከኮሎራዶ፣ ከኦሮራ ከተማ ተነሥቼ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ብቻዬን በካምፐር ቫን ሄድኩት። ካምፐር ቫን አልጋ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃና የውኃ ማጠራቀሚያ የተገጠመለት መኪና ነው። በዚህ አገር የሚኖረው የእኛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚድረው የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ባሉት ጥቂት ሳምንታት በመሆኑ፣ በዚያ ሰሞን የአውሮፕላኑም የሆቴሉም ዋጋ አይቀመስም። ይሁን እንጂ ይህን የምጽፈው ስለ ወጪ ለማውራት አይደለም። አንዲት ሴት ብቻዋን በመንገድ ዳር እያደረች በሰላም ሰርግ ቤት እንድትደርስ ያደረጋት ምን እንደሆነ፣ በአገራችንስ ይህ ለምን እንዳልተቻለ መንገዱን ሙሉ ሳሰላስለው ስለ ነበረ ነው።

የሄድኩበት ጎዳና ኢንተርስቴት 70 ይባላል። ካንሳስ ውስጥ አቢሊን የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያልፋል፤ ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር ያደጉትም የተቀበሩትም እዚያ ነው። አይዘንሃወር ገና ወጣት መኮንን ሳሉ፣ በ1919 እ.ኤ.አ.፣ ከዋሽንግተን እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ከተጓዘ የጦር ሠራዊት የመኪና ቅፍለት ጋር ሄደው ነበር። ጉዞው በጭቃው፣ በአሸዋውና በሚሰበረው ድልድይ ምክንያት 62 ቀን ፈጀ። የኢንተርስቴት ጎዳናዎችን ያስገኘውን ሕግ በ1956 እ.ኤ.አ. የፈረሙት እኚሁ ሰው ናቸው። የመንገድን ችግር በአካል የቀመሰ ሰው ሥልጣን ላይ ሲወጣ መንገዱን ማሰቡ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከአስፋልቱ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ማረፊያው ነው። በየተወሰነው ርቀት ከጎዳናው ወጣ ብሎ የመኪና ማቆሚያ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት፣ የማይዘጋ መጸዳጃ ቤትና የሚጠጣ ውኃ አለ። ማንም ገንዘብ አይጠይቅም። ካንሳስ ውስጥ በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ሌሊት ማደር የተፈቀደ ነው፤ ከጥቂት ሰዓት በላይ መቆምን የሚከለክሉ ግዛቶችም ስላሉ ከመተኛት በፊት ሰሌዳውን ማንበብ ያስፈልጋል። እኔ ባደርኩበት ማረፊያ ረጃጅም የጭነት መኪኖች ሞተራቸውን እንዳስነሡ በረድፍ ቆመው ነበር። ከመኝታ በፊት ወደ መጸዳጃው ስሄድ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የእጅ መታጠቢያውን እየወለወለች አገኘሁ፤ በእኩለ ሌሊት ወለሉ ደረቅ ነበር፣ ሳሙናውም ሞልቷል። ከየት እንደመጣሁ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። የመንግሥት ግብር እንግዳ ሲቀበል እንዲህ ነው፤ ስም ሳይጠይቅ ያሳድራል።

ሚዙሪ ውስጥ ነዳጅ ስቀዳ ደግሞ ሌላው ዓይነት አቀባበል ደረሰኝ። በስልክ ከእናቴ ጋር በአማርኛ ሳወራ የሰማ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቀረብ ብሎ፣ «እህቴ፣ ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። በዚህ አገር በከባድ መኪና ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ከሚስቱ የተቋጠረለትን ዳቦ ቆሎ አካፈለኝ፣ የትኛው ማረፊያ ለሴት እንደሚሻል ነገረኝ፣ ስልክ ቁጥሬንም ተቀበለኝ። በማግስቱ ጠዋት ደውሎ፣ «እንዴት አደርሽ? የት ደረስሽ?» ሲለኝ ሆዴ ባባ።

ሰርግ ቤቱ ስደርስ ቫኑን ደጃፋቸው አቁሜ እዚያው ለማደር አስቤ ነበር፤ ቤቱ በዘመድ እንደሚሞላ አውቃለሁና። እትዬ፣ የሙሽራዋ እናት፣ ግን አልሰሙኝም። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ቤት ደርሰሽ መኪና ውስጥ ታድሪያለሽ? እናትሽ ብትሰማ ምን እላታለሁ?» አሉ። ሳሎኑ በሙሉ ፍራሽ ተነጥፎበት ነበር፤ ከሙሽራዋ አክስቶች መካከል ተኛሁ። በነጋታው ጋራዡ ውስጥ ሴቶቹ የዶሮ ወጡን ሽንኩርት ሲያቁላሉ፣ ወጥ ቤቱ ስለ ተጣበበ ቡናው በእኔ ቫን ምድጃ ተፈላ። የሰርጉ ምሽት አዳራሹ በውሉ መሠረት በሰዓቱ ተዘጋ፤ እያንዳንዱ እንግዳም ስሙ በተጻፈበት ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠው። የመልሱ ዕለት በጓሮው ዳስ ውስጥ ግን ሳይጠራ የመጣ ጎረቤት ሳይቀር በልቶ ጠጥቶ ሄደ።

አገር ቤት ያደገ ሰው የመሸበት መንገደኛ በማያውቀው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲልና «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ሲባል ሰምቷል። እግር ታጥቦ፣ ራት ቀርቦ ያድራል። ይህ ልማድ መንግሥት ለመንገደኛ ምንም ባላደረገበት ዘመን አገሩን በሙሉ ማረፊያ አድርጎት ኖሯል። ነገር ግን የእግረኛና የበቅሎ ልማድ ነው። ዛሬ የሩቅ አገር አውቶቡስ ሲቆም ወንዱ በአንድ ወገን ሴቱ በሌላው ወገን ወደ ቁጥቋጦ ይበተናል፤ እርጉዝ፣ አሮጊት፣ ወር አበባዋ የመጣባት ልጅ ሁሉም እዚያው ናቸው። ይህን ስናየው ስለኖርን እንደ ተፈጥሮ ቆጥረነዋል፤ እኔ ግን እንደ በደል ነው የማየው።

በ1951 እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ሙያውን የሰጡት ከአሜሪካ የመንገድ መሥሪያ ቤት የመጡ መሐንዲሶች ነበሩ። መንገድ መሥራቱን ከእነርሱ ተማርን፤ መንገደኛን በመንገዱ ላይ መቀበልን ግን አብረን አላመጣነውም። አሁን ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. እንደተከፈተው ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ የሚዘልቀው የክፍያ መንገድ ያሉ አጥር የታጠሩ ጎዳናዎች እየመጡ ነው። እነዚህ መንገዶች የሰውን ደጅ አይነኩም፤ «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራበት ቤት የለም። ስለዚህ የሕዝቡ ደግነት በማይደርስበት ቦታ የመንግሥት አገልግሎት ካልደረሰ መንገደኛው ከሁለቱም ይወጣል።

ከሁሉ የከፋው ፍርሃቱ ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። እኔ በባዕድ አገር ብቻዬን መንገድ ዳር ተኝቼ ስነሣ፣ በገዛ አገራቸው በጠራራ ፀሐይ የሚሄዱ ልጆች ቤታቸው ለመድረስ እርግጠኛ አለመሆናቸው ያንገበግበኛል። ሰላሙን ማስከበር የመንግሥት ግዴታ ነው፤ በመዋጮ የሚሟላ ነገር አይደለም።

መጸዳጃውና ውኃው ግን ይሟላል። በውጭ ያለን ሰዎች ለትውልድ ቀያችን ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት ገንዘብ ስናሰባስብ ኖረናል፤ ለመንገደኛ ግን አዋጥተን አናውቅም። የዓባይን በረሃ ወርዶ የወጣ አውቶቡስ ደጀን ላይ ሲቆም፣ ለሴቶች በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ንጹሕ መጸዳጃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ መብራት ያለው ማቆሚያና ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ቢኖር፣ ጽዳቱንና ጥበቃውንም የከተማው ሥራ ፈላጊ ወጣቶች በደመወዝ ቢይዙት፣ ወጪው ከአንድ የሜሪላንድ አዳራሽ ሰርግ ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም። እኔ የድርሻዬን ለማዋጣት ዝግጁ ነኝ፤ በመልሱ ዕለት ዳሱ ውስጥ ጉዳዩን ሳነሣም ጋሼ፣ የሙሽራዋ አባት፣ «እኔም አለሁበት» ብለውኛል።