እሁድን ቤት ውስጥ መጨረስ ይብቃን

ጀርመን ያለ ሀበሻ ስለ እሁድ ሲጠየቅ አብዛኛው መልሱ አንድ ነው፣ "የሞተ ቀን ነው" ይላል። ሱቅ ዝግ፣ መንገዱ ጭር ያለ፣ ልጆች ትንሽ ከሮጡ ደግሞ የታች ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባል። እኔ ሙኒክ ነው የምኖረው፣ የምሰራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ ይሄን ወሬ ከስራ ጓደኞቼም ከቤተክርስቲያን ሰዎችም በየሳምንቱ እሰማለሁ እና በፍጹም አልስማማበትም። ቀኑን የገደልነው እኛው ነን ባይ ነኝ፣ በተለይ የልጆቻችን ነገር ያሳዝነኛል።

እስቲ የኛን ቅዳሜና እሁድ እዩት። ሳምንቱን ሙሉ በሽፍት ሲንገላታ የከረመ ሰው ቅዳሜ ሊድልና አልዲ ሲሮጥ ይውላል፣ ምክንያቱም ሙኒክ ያለችበት ባየርን ክልል ውስጥ ሱቅ ማታ በ2 ሰዓት (በነሱ 20 ሰዓት) ይዘጋና እስከ ሰኞ አይከፈትም። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከዛ የሆነ ሰው ቤት ቡና፣ ክርስትና ካለ ክርስትና፣ ልደት ካለ ልደት፣ ዩቲዩብ ላይ የአገር ቤት ወሬ እንደተከፈተ ይመሻል። ልጆቹ ሌላ ክፍል ውስጥ ታብሌት ላይ ተደፍተው ነው የሚውሉት። ሰኞ ጠዋት ደግሞ አስተማሪዋ ልጆቹን ክብ ሰርተው እንዲቀመጡ አድርጋ ምን ስታደርጉ ከረማችሁ ብላ ትጠይቃለች፣ አንዱ ሐይቅ ሄድን፣ አንዷ ተራራ ወጣን ትላለች፣ የኛ ልጅ ተራው ሲደርስ "ቤት ነበርኩ" ይላል። ይሄ በየሰኞው ሲደጋገም ልጁ ሳይታወቀው ይሄ አገር የሌሎቹ ነው ብሎ ማሰብ ይጀምራል። ጀርመንኛ አቀላጥፎ ቢናገርም ማለት ነው።

እኔ ቡናውን ተዉት አላልኩም፣ ይዛችሁት ውጡ ነው የምለው። ባለፈው በጋ አንድ ልጇን ልትጠይቅ ከአገር ቤት የመጣች እናት ይዘን ሽታርንበርግ ሐይቅ ሄድን። ከመጣች ጀምሮ ከቤትና ከቤተክርስቲያን ውጪ ያየችው ነገር አልነበረም። ቡናው ቤት ተቆልቶ ተፈልቶ በፔርሙዝ ገባ፣ ሲኒዎቹ በፎጣ ተጠቀለሉ፣ ድፎ ዳቦና ቆሎ ተያዘ፣ ከቅዳሴ ወጥተን ነጠላችንን እንደለበስን ኤስ 6 ባቡር ውስጥ ገባን። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ሽታርንበርግ ጣቢያ ስትወርዱ ሐይቁ እግራችሁ ስር ነው። አንድ ፌርማታ ጨምራችሁ ፖሰንሆፈን ብትወርዱ ደግሞ ትንሽ በእግር ሄዳችሁ ሰፊ ሳር ያለበት የሐይቅ ዳር ታገኛላችሁ። እናታችን ጫማዋን አውልቃ ሳሩ ላይ ተቀመጠች፣ ዳቦውን ባርካ ቆረሰች፣ ከዛ ውሃውን ትንሽ አየት አድርጋ "ይሄ የማን ነው? ሳይከፈል ዝም ብሎ ይገባበታል?" አለች።

ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ብዙዎቻችን ሳናወጣው ውስጣችን አለ። መልሱ ደግሞ በ1946 (በነሱ አቆጣጠር) በወጣው የባየርን ህገ መንግስት አንቀጽ 141 ላይ አለ፣ በተፈጥሮ ውበት መደሰት፣ ጫካና የተራራ ግጦሽ ላይ መሄድ፣ የጫካ ፍሬ በአካባቢው የተለመደውን ያህል መልቀም ለማንኛውም ሰው የተፈቀደ ነው ይላል። ዜጋ ለሆነ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ብሎ አይለይም። እንደውም መንግስትና ማዘጋጃ ቤቶች ወደ ተራራው፣ ወደ ሐይቁና ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ ለህዝብ ክፍት የማድረግ ግዴታ አለባቸው። የእሁድ እረፍትም እንደዛው ነው፣ በ1919 በወጣው የጀርመን የቫይማር ህገ መንግስት ላይ እሁድ የስራ እረፍትና የመንፈስ መታደሻ ቀን ሆኖ በህግ ይጠበቃል የሚል አንቀጽ ገባ፣ በ1949 አሁን ያለው የጀርመን ህገ መንግስት ሲጻፍ ያው አንቀጽ እንዳለ ተወሰደ። ሱቁ የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። ቅዳሜንም እሁድንም ሰንበት ብሎ ሲያከብር የኖረ ህዝብ ይሄ ህግ እንዴት እንግዳ ይሆንበታል?

እርግጥ የሚያስፈራ ነገር አለ፣ እሱን ማቃለል አልፈልግም። ባቡር ጣቢያ ላይ ከዛ ሁሉ ሰው መሀል ተመርጦ መታወቂያ መጠየቅን አውቀዋለሁ፣ ልጅ አጠገብህ ቆሞ እያየ ሲሆን ደግሞ ያማል። አጠገቡ ስትቀመጡ ቦርሳውን ወደራሱ የሚስብ ሰውም አጋጥሞኛል። ግን እነዚህ ሰዎች እኛ ቤት ስለተቀመጥን አይቀየሩም፣ ልጆቻችን ናቸው ሐይቁን ሳያዩ የሚያድጉት። ወረቀት ሳይያዙ ከቤት አለመውጣት፣ ትኬት አስተካክሎ መያዝ፣ ብዙ ሆኖ መሄድ፣ ይሄ ቢያንስ ጭንቀቱን ይቀንሳል።

ስለ ትኬት ካነሳሁ አይቀር፣ ዶይችላንድ ቲኬት (በመላው ጀርመን የሚያገለግለው ወርሃዊ ትኬት) በ2023 ሲጀመር በወር 49 ዩሮ ነበር፣ በ2025 58 ሆነ፣ ከ2026 ጀምሮ ደግሞ 63። ለስራ ብላችሁ የምትከፍሉ ብዙ ናችሁ፣ ያው ትኬት እኮ እሁድም ይሰራል፣ ፈጣኖቹን አይሲኢና አይሲ አትግቡ እንጂ በሬጂዮናል ባቡር የትም ይወስዳችኋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ 6 አመት የሞላው ልጅ በናንተ ዶይችላንድ ቲኬት አይሄድም፣ የራሱ ያስፈልገዋል። ለቤተሰብ ባየርን ቲኬት የሚባለው የአንድ ቀን ትኬት ይሻላል፣ እስከ 5 ሰው በአንድ ትኬት ይሄዳል፣ እስከ 14 አመት ያሉ ልጆች በነጻ የሚሄዱበት ደንብም አለው፣ ቅዳሜና እሁድ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይሰራል። ገዳም ለሚወድ ሰው ደግሞ በኤስ 8 እስከ መጨረሻው ሄርሺንግ ሄዶ ከዛ በጫካው መሀል ወደ አንዴክስ ገዳም በእግር መውጣት ነው፣ ካቶሊኮቹ ለዘመናት በእግር ሲሳለሙት የኖሩት ቦታ ነው፣ ዳገቱም አሮጊት የሚጥል አይደለም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፣ ዋና። አብዛኞቻችን ዋና አንችልም። በጋ ላይ ኢዛር ወንዝ ዳር ሰው ሁሉ ሲገባ እያየን ልጆቹ ይለምኑናል፣ እኛም እስከ ጉልበት ከሆነ ምን አለበት እንላለን። ያ ውሃ ከአልፕስ ተራራ የሚወርድ ነው፣ ብርዱ ጡንቻ ያስራል፣ ጉልበቱ ትልቅ ሰው ይጥላል። ኢንግሊሸር ጋርተን በሚባለው የሙኒክ መናፈሻ ውስጥ ያለው አይስባክ የተባለ ጅረት ላይማ መዋኘት ክልክል ነው፣ ወጣቶች ሲገቡ አይታችሁ አትከተሉ። ልጆቻችሁን ዋና አስመዝግቡ። የመጀመሪያዋ ዜፕፌርድሽን የምትባለው ባጅ ከዳር ዘሎ መግባት፣ 25 ሜትር መዋኘትና ትከሻ ከሚደርስ ውሃ ስር እቃ ማውጣት ናት፣ ልጁ እሷን ስላገኘ ብቻ ግን ዋናተኛ ሆኗል ብላችሁ አይናችሁን አትንቀሉ። ከሷ ቀጥሎ ያለው ብሮንዝ 15 ደቂቃ መዋኘት ይጠይቃል፣ ልጁ በደንብ ይዋኛል የሚባለው ያኔ ነው። ኮርሱ ቶሎ ስለሚሞላ በብርዱ ወራት ነው መመዝገብ። እኛም ትልልቆቹ ብንማር አያሳፍርም፣ ለአዋቂ ኮርስ አለ፣ የሚያሳፍረው የሐይቅ አገር ውስጥ ሀያ አመት ኖሮ ልጅ ሲሰምጥ ዳር ቆሞ መጮህ ነው።

ብርዱ ሲገባስ ላላችሁ፣ አልተ ፒናኮቴክና ፒናኮቴክ ዴር ሞደርነ የሚባሉት የሙኒክ የስዕል ሙዚየሞች እሁድ እሁድ መግቢያቸው 1 ዩሮ ነው፣ ከ18 አመት በታች ሁሌም በነጻ።

የምጠይቀው ነገር ለቤተክርስቲያን ኮሚቴዎችና ለማህበሮቻችን ነው። በአመት አንዴ አውቶቡስ ተከራይቶ ገዳም መሳለም ጥሩ ነው፣ ግን በወር አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን ሰብስቦ በባቡር መውጣት ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፣ ባየርን ቲኬት ገዝቶ አምስት አምስት መሆን ብቻ ነው። ስጋ መጥበስ ከፈለጋችሁ ፍላውኸር በሚባለው ቦታ ኢዛር ዳር የተፈቀደ ቦታ አለ፣ ሌላ ቦታ እሳት አታንድዱ፣ ቆሻሻችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ። ሲወጣ ደግሞ ሃይም (የጥገኝነት ጠያቂዎች መኖሪያ) ውስጥ ያሉትን ልጆች አትርሷቸው፣ ውሳኔ እየጠበቁ አልጋ ላይ ተኝተው ቀን የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው፣ ሰው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገውም ለነሱ ነው። መጀመሪያ መቀበያ ካምፕ ውስጥ ያለ ሰው ከተመደበበት አካባቢ ለመውጣት ፈቃድ ሊያስፈልገው ስለሚችል አስቀድሞ ካምፑ ውስጥ ያለውን ሶሻል ሰራተኛ መጠየቅ ይሻላል።

እሁድ ሽፍት ያለብንም አለን፣ እኔም አንዳንዴ ተረኛ ነኝ። እኛ ማክሰኞም ቢሆን እረፍታችን ላይ መውጣት እንችላለን፣ ባየርን ቲኬት በስራ ቀን ጠዋት ከ9 ሰዓት (በኛ 3 ሰዓት) ጀምሮ ነው የሚሰራው፣ የዛን ቀን ደግሞ ሐይቁ ዳር ቦታ እንደልብ ነው።